ስለ ሕክምና ማሳጅ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ከደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰው በማሸት ነው የምተዳደረው። ትምህርቴ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ግን ስሜ «አሺዋ» ነው። አልከፋኝም። ከጠባሴ በእግሩ የመጣውም፣ ከመሐል ሜዳ ሌሊት ተነስቶ የተሳፈረውም፣ ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ወጥቶ እዚህ ብርድ ላይ የሚንቀጠቀጠውም የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው። ስለዚህ ጻፍኩት።

ማሳጅ የምትሉት እናቶቻችን ሲያሹን የነበረው አይደል እንዴ?

ግማሹ እሱ ነው። እኔ ያደግኩት መንዝ ነው። አያቴ ማታ ማታ ቅቤ በሲኒ አድርጋ ምድጃው ዳር ታስቀምጣለች። ሲቀልጥ አውራ ጣቷን ትነክርና ከማጅራቴ ጀምራ እስከ ሽንጤ ትወርዳለች። ድንገት ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። «እዚህ ጋ ቋጥሯል» ትላለች። እውነትም እዚያ ጋ ያማል። ዛሬ እኔ ያንኑ ቦታ «የጡንቻ ቋጠሮ» ብዬ ካርድ ላይ እጽፈዋለሁ።

ልዩነቱ ሁለት ነው። የሠለጠነ ሰው ከእጁ ሥር ምን እንዳለ ያውቃል፦ ጡንቻው የት ጀምሮ የት ያልቃል፣ ነርቩ በየት ያልፋል፣ የደም ሥሩ የቱ ጋ ላይ ላዩን ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ እጁን መቼ ማንሳት እንዳለበት ያውቃል። የሚበልጠው ይኼ ነው፤ ከታች ብዙ የማወራውም ስለሱ ነው።

ስለ ታሪኩ ለሚጠይቁኝ፦ «ስዊድሽ ማሳጅ» ሲባል ብዙ ሰው የፈጠረው ስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ (1776–1839 እ.ኤ.አ.) ይመስለዋል። ሊንግ ይበልጥ የጂምናስቲክ ሰው ነበር። መዳበሱን፣ ማሸቱን፣ መፈተጉን፣ መታ መታ ማድረጉን ዛሬ በምናውቀው መልክ ያስያዘው የሆላንዱ ሐኪም ዮሐን ጆርጅ ሜዝገር ነው። የታይላንድ ማሳጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ማሳጅ «የማይዳሰስ» መባሉ ሁሌም ያስቀኛል።

እውነቱን ንገሪን፤ ምን ይጠቅማል?

ፋታ ይሰጣል። በአንድ ቃል መልሺ ካላችሁኝ መልሴ ይኼ ነው።

ሕመሙ ጋብ ይላል። የተወጠረው ጡንቻ ይላላል፣ አንገት ይዞራል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይመጣል። ይህ ለአንዳንዱ ሰው ለሁለት ቀን፣ ለሌላው ለሁለት ሳምንት ይቆያል። በዚያ ፋታ ውስጥ ሰውየው መራመድ፣ ወገቡን ማጠንከር፣ አቀማመጡን ማስተካከል ይችላል። እነዚህን ካላደረገ ግን ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል፤ እሱም ተመልሶ ወደ እኔ ይመጣል። ለኪሴ ጥሩ ነው፤ ለሱ ግን አይደለም።

የተሻለ ማስረጃ ያለው ለወገብ፣ ለአንገት፣ ለትከሻና ለጉልበት ሕመም ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ አዲስ ለጀመረ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚገባቸው ነገሮች መሐል ሙቀት ማድረግንና ማሳጅን አስገብቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ማሳጅን ጨምሮታል። ነገር ግን ሁለቱም ማስረጃው ጠንካራ ነው አላሉም። «ሊረዳ ይችላል፣ ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ ሞክሩት» ነው ሐሳባቸው። እኔም ከዚህ በላይ ቃል አልገባም።

ጭንቀትንም ያበርዳል። ከለቅሶ ቤት የመጣች አንዲት እናት ትከሻዋን ስነካት ለግማሽ ሰዓት አለቀሰች። ከዚያ ተኛች። ምንም የተለየ ነገር አላደረግኩም።

የማያድነውንም ልንገራችሁ፦ ስኳር አያድንም፣ ደም ግፊት ተቆጣጥሮ አያስቀምጥም፣ ስብ አያቀልጥም፣ የተሰበረ አጥንት አይገጥምም። «መርዝ ያወጣል» የሚባለውም ውሸት ነው። መርዝ የሚያወጡት ጉበትና ኩላሊት ናቸው።

ወገቤን ያዘኝ፤ «ዲስክ ነው» አሉኝ። ልታሽኝ ትችያለሽ?

መጀመሪያ ማን ነው ዲስክ ነው ያለሽ ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ጎረቤት ነው። ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ያለው ለስላሳ ትራስ ነው።

አብዛኛው የወገብ ሕመም ከጡንቻና ከጅማት የሚመጣ ነው። በኛ አካባቢ መንስኤውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያጭደው ሰው አለ። ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ዳገት የምትወጣው ልጅ አለች። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚመላለሰው ሾፌርም አለ፤ ጣርማ በርን ወርዶ ደብረ ሲና እስኪደርስ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ወገቡን ገትሮ ነው የሚነዳው። እነዚህ በማሳጅ፣ በሙቀትና በእንቅስቃሴ በጣም ይሻላቸዋል። ዲስክ ቢንሸራተትም ብዙው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታትና በወራት ይሻለዋል። ዲስኩን ግን በእጅ ገፍቶ ወደ ቦታው መመለስ አይቻልም። «እመልሰዋለሁ» የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ ውጡ።

የማላሸው ወገብ ደግሞ አለ። እባካችሁ ይቺን በደንብ አንብቧት።

ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ሽንት አልወጣ ካለ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግር መዛል ከጀመረ በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ነው። ነገ አይባልም። ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የመጣ ሕመምም እንደዚሁ ነው።

ሌላው የአከርካሪ ቲቢ ነው። ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አከርካሪንም ይበላል። ቀስ ብሎ የሚብስ የወገብ ሕመም፣ ማታ ማታ ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ትኩሳት፣ ጀርባ ላይ ጎበጥ ያለ አጥንት ካለ መጠርጠር ያለበት እሱ ነው። አንድ ወጣት አስታውሳለሁ። አራት ወር ሙሉ በየቤቱ ሲታሽ ቆይቶ ነው እኔ ጋ የመጣው። ሸሚዙን ሲያወልቅ ቀበቶው ላይ ራሱ የበሳው አዲስ ቀዳዳ አየሁ። አንድ ብቻም አልነበረም፤ ሦስት ነበር። እጄን ሳላሳርፍበት ወደ ሆስፒታል ላክሁት። ቲቢ ነበር። መድኃኒቱን ጨርሶ ዛሬ ይሠራል። በኃይል የሚጫነው ሰው ቢያገኝ ኖሮስ ብዬ አስባለሁ አንዳንዴ።

ሕመሜ ብርድ ነው። ማሳጅ ብርድ ያወጣል?

ይህን ጥያቄ በቀን አምስቴ እሰማለሁ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው። ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል። ሰው ሁሉ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰብስቦ፣ ጋቢውን አጣፍቶ ነው የሚሄደው። እስቲ ትከሻችሁን እንደዚያ ሰብስባችሁ አንድ ሰዓት ቆዩ። ማታ አንገታችሁ አልዞር ይላል።

ስለዚህ ብርድ ገላ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ የሚወጣም ነገር የለም። ጡንቻ ሲበርደው ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ያማል። ሙቀትና እጅ ያላላዋል። «ብርዱ ወጣልኝ» ስትሉኝ አልከራከራችሁም። የተሰማችሁ ነገር እውነት ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተለየው።

እቤት ሆናችሁ ማድረግ የምትችሉት፦ ሙቅ ውኃ በላስቲክ ከረጢት ወይም በደንብ በሚከደን ጠርሙስ አድርጋችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ፣ ለ15 ደቂቃ ያህል ያመማችሁ ቦታ ላይ አኑሩት። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ላይ እንዳያደርገው። እግሩ ከደነዘዘ ሲቃጠል አይሰማውም።

ትከሻና አንገት ሲያማችሁ ሁሉ ግን ብርድ ነው አትበሉ። ደረት ተጨንቆ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ካለበት የልብ ሊሆን ይችላል። ቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ወጌሻ ጋ ብሄድስ?

ወጌሻን አልንቅም። ከማውቃቸው አንዳንዶቹ ጣታቸው እንደ ዓይን ነው የሚያየው። የተወጠረ ጡንቻን፣ የደረቀ ትከሻን ጥሩ አድርገው ያሻሉ። ከነሱም ተምሬያለሁ።

የምፈራው አጥንት ላይ ነው። ልጅ ከዛፍ ላይ ወድቆ ክንዱ ሲያብጥ ራጅ ሳይነሳ ይታሻል፣ ይሳባል፣ ከዚያ በቀርከሃና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። እጁ ግን ማበጡን አላቆመም። እስሩ አይሰፋም፣ እጁ ያብጣል፣ ደም መሄጃ ያጣል። ጡንቻ ደም ሳያገኝ ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ መመለሻ የለውም። የአገራችን ሆስፒታሎች እጅና እግር ለመቁረጥ ከሚገደዱባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኼው ነው። ሕፃናት ናቸው በብዛት። ሁሌ ያበሳጨኛል፤ ስብራቱ እኮ ቀላል ነበር።

የታሰረ ሰው እቤታችሁ ካለ ጣቶቹን እዩ። የጣቱን ጥፍር ተጫኑትና ልቀቁት። ነጭ ሆኖ ወዲያው ወደ ቀይ ካልተመለሰ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ እየባሰ ከሄደ እስሩን ፍቱት። አሁኑኑ። የወጌሻው ፈቃድ አይጠየቅም። ከዚያ ወደ ሆስፒታል። ጀሶ ከሆነ ደግሞ ወዳሠሩበት ሆስፒታል ሩጡ፤ ጀሶም ይጠብቃል።

ወለምታን በተመለከተ፦ ቁርጭምጭሚት ሲዞር ወዲያው ማሸት ይቅር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት አሳርፉት፣ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ቀዝቃዛ ነገር አድርጉበት። (ቀዝቃዛ ነገር ደብረ ብርሃን ላይ በነፃ ነው፤ የጠዋት የቧንቧ ውኃ ይበቃል።) ስብራት መሆኑን ለመጠርጠር ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ። አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ ወይም በሁለቱም በኩል ወጣ ያለችውን የቁርጭምጭሚት አጥንት ጫፍዋንና ከኋላዋ ያለውን ጠርዝ ስትጫኑት ካመማችሁ ራጅ ያስፈልጋል።

እርጉዝ ነኝ። ወገቤ ሊሞትብኝ ነው።

እንኳን ደስ አለሽ። ወገብሽን፣ ትከሻሽንና እግርሽን ቀስ አድርጎ መታሸት ይቻላል። በጎን ተኝተሽ፣ በጉልበቶችሽ መሐል ትራስ አድርገሽ።

ሆድሽን ግን ማንም እንዳያሽ። ገጠር ላይ የልምድ አዋላጅ «ልጁን ላስተካክለው» ብላ ሆድ ታሻለች። ደግ አስባ ነው። የሚመጣው ግን የእንግዴ ልጅ ከቦታው መላቀቅ፣ ደም መፍሰስ፣ አልፎ ተርፎም የማህፀን መተርተር ሊሆን ይችላል። የልጁ አቀማመጥ ካሳሰበሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

አንድ ባትሽ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመሽ እንዳትታሺ፤ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ፊትሽና እጅሽ አብጦ ራስ ምታት ካለሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ ደግሞ የደም ግፊት ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ታከሚ። ማሳጁ ይደርሳል።

ጨቅላ ልጄን በቅቤ ላሸው?

ማሸቱ ጥሩ ነው። ልጅ በእናቱ እጅ ሲዳበስ ይረጋጋል፣ እንቅልፉም ያምራል። የምጨቃጨቀው በዝርዝሩ ላይ ነው።

እትብቱ ላይ ቅቤ አይደረግ። ጤና ጣቢያ የሰጡት ቅባት ካለ እሱ ብቻ፤ ከሌለ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይቆይ። ቅቤ ማዋጥም ይቅር፤ ትን ሊለው ይችላል፣ ሆዱም ከእናት ጡት ሌላ አይፈልግም። እጅና እግሩን ይዞ መወጠር፣ አንገት ማሳብ፣ አፍንጫ ለማቅናት መጫን፣ ጭንቅላቱ እንዲያምር መጠፍጠፍ የሚባሉትን ሁሉ እርሷቸው። ጭንቅላቱ በራሱ ጊዜ ይስተካከላል።

የኛ አገር ብርድ ለጨቅላ ቀልድ አይደለም። ከመወለዱ ለ24 ሰዓት ባይታጠብ ይመረጣል። ስታሺው ቤቱ ይሙቅ፣ በሩ ይዘጋ፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢና አሙቂው። ገላውን በሙሉ አታራቁቺው። እግሩን ስታሺ ሌላው ተሸፍኖ ይቆይ።

ማነው ጨርሶ መታሸት የሌለበት?

ትኩሳት ያለበት ሰው። ቁስል፣ ቃጠሎ፣ እከክ ወይም የሚመግል ቆዳ ያለበት ሰው፣ ቢያንስ እዚያ ቦታ ላይ። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጠንካራ ማሳጅ አይቀበልም፤ ገላው ይበልዛል። አጥንታቸው የሳሳ አረጋውያንም ለስላሳ እጅ ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው። ካንሰር ያለበት ሰው መታሸት ይችላል፣ ጭንቀቱንም ይቀንስለታል፤ ሐኪሙ ግን ማወቅ አለበት፤ ዕጢው ያለበት ቦታም አይነካም።

የደም መርጋት ለብቻው ይጠቀስ። ከረዥም መንገድ፣ ከወሊድ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንዱ ባት ብቻ አብጦ ካመመ ማሸት የረጋውን ደም ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ይገድላል።

እግር ማበጥ ያለበትም ይመጣል። በባዶ እግር ደጋ ቀይ አፈር ላይ ሲሠራ የኖረ ገበሬ የሚያመው ዝሆኔ አለ። እሱን በማሸት ብቻ አናሸንፈውም። በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ ማታ ከፍ አድርጎ መተኛት፣ ጫማ ማድረግ ነው። ጤና ጣቢያ ያሳዩአችኋል።

ካላመመ አይሠራም የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። አንድ በዕድሜ የገፉ ደንበኛዬ አንድ ጊዜ «ጫን በይው እንጂ፣ ሊጥ ነው እንዴ የምትዳብሺው!» አሉኝ። ጫን አልኩት። በማግሥቱ ደውለው ተቆጡኝ።

ከአስር ስንት ያማል ብዬ እጠይቃለሁ። አምስት ወይም ስድስት ከደረሰ ይበቃል። ትንፋሽ የሚያስይዝና ጥርስ የሚያስነክስ ከሆነ ጡንቻው ራሱን ለመከላከል ይብስ ይጠነክራል። በማግሥቱ ትንሽ ዛል ዛል ማለት ያለ ነው። ከሁለት ቀን በላይ ካመመ ወይም ገላ ከበለዘ እኔ አብዝቻለሁ ማለት ነው፤ ንገሩኝ።

ለሯጮችም መልስ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ከከተማው ወጣ ብለው የሚሮጡት ልጆች «ላክቲክ አሲዱን አውጪልን» ይሉኛል፤ ጡንቻ ሲለፋ የሚያመርተውን አሲድ ማለታቸው ነው። እሱ እኮ ሩጫው ካለቀ በአንድ ሰዓት ገደማ በራሱ ይጠፋል። እኔ ጋ ስትደርሱ የለም። ማሳጅ የሚረዳው በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የካናዳ ጥናት 11 ወጣቶችን ክፉኛ ካደከመ በኋላ አንድ እግራቸውን ለ10 ደቂቃ አሸ። ከሁለቱም እግር ቁራጭ ጡንቻ ተወስዶ ሲታይ የታሸው ላይ የመቆጣት ምልክቱ ቀነሰ። የላክቲክ አሲዱ መጠን ግን ከሌላው እግር አልተለየም።

ስንት ጊዜ ልምጣ?

በአንድ ቀን ሁሉ ነገር ይስተካከላል ብላችሁ አትምጡ። ጉልበታቸው ያረጀባቸው ሰዎች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት የተለያየ መጠን ሞክሮ፣ ለስምንት ሳምንት በሳምንት አንድ ጊዜ ለ60 ደቂቃ መታሸትን የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። ለአንገት የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለአንድ ሰዓት መታሸት ከአንድ ጊዜው በልጧል፤ ግማሽ ሰዓቱ ብዙም አልፈየደም።

ይህን ሁሉ የሚከፍል ሰው ስንት ነው? አውቃለሁ። ስለዚህ እኔ ብዙ ጊዜ የማደርገው ሦስት አራት ቀን አሽቼ፣ እንቅስቃሴ አስተምሬ፣ የቤቱን ሰው እጅ አሠልጥኜ መላክ ነው። ከሦስት አራት ጊዜ በኋላ ምንም ለውጥ ከሌለ ገንዘባችሁን አልቀበልም፤ ሐኪም ይያችሁ።

ልብስ ማውለቅ ግድ ነው? ወንድ ነው ሴት የሚያሸው?

ይቺን ጥያቄ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀኝ። «ማሳጅ ቤት» የሚለው ስም ከተማ ውስጥ ምን እንደሚያስታውስ ሁላችንም እናውቃለን። የሕክምና ማሳጅ እሱ አይደለም።

የሚታሸው ቦታ ብቻ ይገለጣል፤ ሌላው በአንሶላ ይሸፈናል። ልብሳችሁን ስታወልቁ እኔ ውጭ ነኝ። ሴት በሴት፣ ወንድ በወንድ መታሸት ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። እናት፣ ባል፣ እህት አብሮ መቀመጥ ይችላል። ብልትና ጡት አይነካም። የማይመቻችሁ ነገር ካለ «ይብቃ» በሉ፤ ምክንያት አትጠየቁም። በልብስ ላይም ይሠራል፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ አንገትና ትከሻ ብቻ ማሳሸት ትችላላችሁ።

ደግሞ ጥሩ ባለሙያ ሳይነካችሁ በፊት ይጠይቃል። ምን መድኃኒት ትወስዳላችሁ፣ ምን ሕመም አለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር ናችሁ ወይ። አንድም ሳይጠይቅ «ተኙ» ካላችሁ አትተኙ።

ጠበል እየተጠመቅኩ ነው። ጾምም ነው። ችግር አለው?

ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ሰንብተው በመመለሻቸው የሚመጡ ብዙ ናቸው። ሥርዓቱን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ እኔ አባት አይደለሁም። በጾም ቅቤ ገላ ላይ ይቀባል ወይ የሚለውንም ለሳቸው ተዉላቸው፤ እኔ ጋ ዘይት አለ።

የኔ ድርሻ ሁለት ነው። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የቲቢ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒታችሁን በጠበል ምክንያት አታቁሙ። ሌላው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማችሁ ከሆነ ታሽታችሁ ስትነሱ ራሳችሁ ሊዞር ይችላል። ከተመገባችሁ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ኑ። ስትነሱም መጀመሪያ ቁጭ በሉ፣ ቆዩ፣ ከዚያ ቁሙ።

የቱ ቅባት ይሻላል?

ቅባቱ እጅ እንዲንሸራተት ነው። ከዚያ በላይ ብዙ አትጠብቁበት። የኑግ ዘይት፣ የወይራ ዘይት፣ ቫዝሊን፣ ለጋ ቅቤ ሁሉም ይሠራሉ። ቅቤ ሽታው ብርድ ልብስ ላይ ለወር ይቀራል፤ ከሱ በቀር ክፋት የለውም። የሚያቃጥሉት ቅባቶች ሜንቶልና ካምፎር አላቸው። የሙቀት ስሜት ይሰጣሉ፣ ሕመሙን ለጊዜው ያስረሳሉ። ለሕፃን ግን ካምፎር ያለበት አይሆንም፤ ይመርዛል። እጃችሁንም ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ፤ አንድ ጊዜ የነካ ሰው ሁለተኛ አይረሳም።

አረቄ ገላን አያሞቅም፤ ተኖ ያቀዘቅዘዋል። እሳት ዳር ከሆነ ደግሞ ይቀጣጠላል።

እናቴን ቤት ውስጥ ራሴ ላሻት እችላለሁ?

ትችላለህ፤ ደስም ይላታል። ላሳይህ።

ወንበር ላይ ፊቷን ወደ መደገፊያው አዙራ ትቀመጥ። ትራስ አድርግላትና ደረቷን አስደግፋት። ጥፍርህን ቁረጥ፣ ቀለበትህን አውልቅ። እጅህን እርስ በርስ እየፈተግህ አሙቅ፤ በቀዝቃዛ እጅ የተነካ ትከሻ ወዲያው ይኮማተራል። አምስት ጠብታ ዘይት ይበቃል።

መጀመሪያ በመዳፍህ ከአንገቷ ሥር ወደ ትከሻዋ ጫፍ ቀስ ብለህ ዳብስ። አሥር ጊዜ ያህል። ከዚያ በአንገትና በትከሻ መሐል ያለውን ወፍራም ጡንቻ በአራት ጣትና በአውራ ጣትህ ያዝ፣ እንደ ሊጥ ጭብጥ አድርግና ልቀቅ። ቋጠሮ ስታገኝ አትፈትገው። ጣትህን አሳርፍበት፣ ቀስ ብለህ ተጫን፣ ወደ አስር ቁጠር። ከጣትህ ሥር ሲላላ ይሰማሃል። ካልላላ እለፈው፣ ነገ ትመለስበታለህ። የጀርባ አጥንቷ ላይ በቀጥታ አትጫን፤ ከግራና ከቀኝ ባለው ሥጋ ላይ ብቻ ሂድ። ከፊት ለፊት አንገቷን በፍጹም አትንካ፤ ወደ ጭንቅላት የሚሄዱት ትልልቅ ደም ሥሮች እዚያ ናቸው። አንገቷን ይዘህ «ቋ» ለማድረግም እንዳትሞክር።

በአውራ ጣትህ ብቻ አትሥራ፣ ይጎዳሃል። ክንድህን ቀጥ አድርገህ በገላህ ክብደት ተጠጋ። አስራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። እየሠራህ አታውራት፤ ካወራች ግን ስማት። እጇ ላይ ያለው የቡና ስኒ ማዘንበል ከጀመረ ተቀበላት፣ እንቅልፍ እየወሰዳት ነው። ቀስ ብለህ አስተኛትና ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ሳብላት።